ካማሮን ያለ ፓኮ ጊታር ማን ነበር? አንድ ረጅም ክርክር

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ውይይቱን፣ የከፈተው ሰው ነገር አላበዛም። የስፔኑ የፍላሜንኮ ዘፋኝ ካማሮን ዴ ላ ኢስላ ስሙ ከሥራው በላይ ገኗል አለ። ድምፁን አይክድም። ግን ሰው ያደረገው ጊታሪስቱ ፓኮ ዴ ሉሲያ ነው ባይ ነው። ከ1969 እስከ 1977 ሁለቱ አብረው ዘጠኝ አልበም ሠሩ። ከዚያ ተለያዩ። ዘፋኙም ወደ ሮክና ወደ ድራም ሄዶ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጣል አድርጎ ወጣ። ፓኮ ባይኖር ይህን ሰው ዛሬ ማን ያስታውሰው ነበር?

ከሥር የተሰጡትን መልሶች ሁሉ አንብቤያለሁ። አንዳንዱ ትምህርት ነው፣ አንዳንዱ ስድብ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በቅደም ተከተል ላውራችሁ። የማይረቡትን እዘላለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ይህን ለምን እንደማስጠነቅቅ ቁጥር 24 ላይ ስንደርስ ይገባችኋል።

ቁጥር 1 በሁለት መስመር ተስማማ። ፍላሜንኮን የሚሰማው ለጊታሩ ብሎ እንደሆነ፣ ዘፋኙ መጮህ ሲጀምር ግን ድምፁን እንደሚቀንሰው ጻፈ። ጨዋ ሰው ነው፣ አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታውን የተቀበለው አልነበረም።

ቁጥር 2 ከፋቹን እርስዎ እያለ በአክብሮት አረመው። ሁለቱ በ1977 አልተቆራረጡም አለ። ፓኮ በ1981፣ በ1983 እና በ1984 በወጡት የካማሮን አልበሞች ላይ ተመልሶ ተጫውቷል። ካማሮን በሞተበት በ1992 በወጣው የመጨረሻ አልበም ላይም አለ። በነዚህ ዓመታት መድረክ ላይ አብሮት የሚቀመጠው ግን ሌላ ሰው ነበር፤ የአልሜሪያው ጊታሪስት ቶማቲቶ። ፓኮ በራሱ ኮንሰርቶች ዓለምን ይዞር ስለነበር ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ የመለያየቱ ታሪክ ከመነሻው የተጣመመ ነው ብሎ ጨረሰ።

ቁጥር 3 የክሩ ረጅሙ መልስ ነው። የጻፈችው ስፔን ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረች ሴት ናት። ከፋቹ ከ1969 ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፣ ከዚያ በፊት ያለውን ሕይወት ለምን ዘለለው ብላ ተነሳች። ዘፋኙ በትክክለኛ ስሙ ሆሴ ሞንሄ ክሩስ ነው። ዲሴምበር 5 ቀን 1950 ሳን ፈርናንዶ ተወለደ። ሳን ፈርናንዶ ከካዲስ አጠገብ ያለች፣ የጨው ኩሬዎች የከበቧት ከተማ ናት። የአካባቢው ሰው ላ ኢስላ ይላታል። ቤተሰቡ ሂታኖ ነው፣ ማለትም ጂፕሲ ከሚባለው የስፔን የሮማ ሕዝብ። አባቱ አንጥረኛ ነበር። እናቱ ሁዋና ክሩስ ከቅርጫት ሠሪዎች ዘር ናት፤ በሰፈሩ የታወቀች ዘፋኝም ነበረች። ስምንት ልጆች ነበሯቸው፣ እሱ ሰባተኛው ነው።

አባትየው አስም ነበረበት። ልጆቹን ሳያሳድግ ሞተ። እናትየው የሰው ቤት እያጸዳች ቤቱን ያዘች። ልጁ በስምንት ዓመቱ ገደማ ከጓደኛው ከራንካፒኖ ጋር በየአውቶቡስ ማቆሚያውና በየመሸታ ቤቱ እየዘፈነ ሳንቲም ይለቅም ጀመር። ቆዳው ነጭ፣ ፀጉሩ ወርቃማ፣ ሰውነቱ ቀጫጫ ስለነበር አጎቱ በትንሿ የባሕር ሽሪምፕ ስም ካማሮን አለው። ቅጽል ስሙ ከዚያ መጣ። ልጁ ራሱ ግን መዝፈን ሳይሆን የበሬ ተፋላሚ መሆን ነበር የሚመኘው።

ሴትዮዋ ብዙ የጻፈችው ግን ስለ አንድ ምግብ ቤት ነው። ቬንታ ዴ ቫርጋስ ይባላል፣ በከተማዋ መግቢያ ላይ ነው። በዚያን ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው ሌሊቱን እዚያ ያድር ነበር። የታወቁ ዘፋኞችም ሲያልፉ ይቆማሉ። ልጁ እዚያ ይዘፍናል፣ ከሚዘፍነው በላይ ደግሞ ያዳምጣል። ከካዲስ፣ ከሄሬስ፣ ከሴቪል የሚመጡትን ትልልቆች በጆሮው ለቀመ። ትምህርት ቤቱ ያ ነበር ትላለች። ፓኮን ያገኘው ይህን ሁሉ ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ቁጥር 4 ወርቃማ ፀጉር ያለው ሂታኖ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥር 5 አለ ብሎ መለሰለት። ከዚህ በላይ ቢሉበት ደስ አይለኝም ነበር።

ቁጥር 6 ወሬ አመጣ። በዚያው ምግብ ቤት ታላቁ ዘፋኝ ማኖሎ ካራኮል አንድ ሌሊት ልጁን ሰምቶ ብዙም አልተደነቀም ይባላል። ልጁ ቂም ያዘ። ካራኮል በኋላ ማድሪድ ውስጥ የራሱ ታብላዎ፣ ማለትም የፍላሜንኮ ማታ ቤት ከፍቶ ነበር። ካማሮን ግን ማድሪድ ሲገባ ሌላ ታብላዎ ውስጥ ነው የሠራው። እንዲህ ያለ ታሪክ በየዓመቱ እየጣፈጠ የሚሄድ ነገር ነው፤ ቢሆንም እኔም ወድጄዋለሁ። ካራኮል ራሱ እኮ ገና በልጅነቱ ነው የተሸለመው። በ1922 የሙዚቃ ደራሲው ማኑኤል ዴ ፋያና ባለቅኔው ፌዴሪኮ ጋርሲያ ሎርካ ከሌሎች ጋር ሆነው ግራናዳ ላይ ባዘጋጁት የጥንታዊ ዜማ ውድድር።

ቁጥር 7 ለእኔ የክሩ ምርጥ መልስ ነው። አጭር ነው፣ ቁጣም የለበትም። ከፋቹ ፍላሜንኮ ከጊታር ተወለደ ብሎ የሚያስብ ይመስላል አለ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከቆዩት ዜማዎች መካከል ያለ ምንም መሣሪያ የሚዘፈኑ አሉ። ማርቲኔቴ አንዱ ነው። የአንጥረኞች ዜማ ነው። ቢበዛ መዶሻ በብረት ላይ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ያጅበዋል። ካማሮን የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ይህን ዜማ ለመማር ቴፕ አላስፈለገውም። ጊታር የሌለበት ማርቲኔቴ ላይ ፓኮ ምን ሊያደርግለት ይችላል? ጸሐፊው ጥያቄውን እንዲሁ ትቶት ሄደ።

ከፋቹ በቁጥር 8 ተመለሰ። ማርቲኔቴ የሙዚየም ዕቃ ነው፣ ካማሮንን ማንም በማርቲኔቴ አያውቀውም አለ። ዓለም የሚያውቀው ቡሌሪያና ታንጎስ የሚባሉትን የፍላሜንኮ ዜማ ዓይነቶች ሲዘፍን ነው፣ እነዚያ ደግሞ ያለ ጊታር አይሆኑም። ይህኛው መልስ እውነት አለው። ግን አባባሉ ንቀት ነበረበት፤ ለቁጥር 7 እርስዎ ማለቱንም ትቶ ነበር።

ቁጥር 9 ላይ ነገሩ ከረረ። ጸሐፊው ከፋቹን ገና በመጀመሪያው ቃል አንተ ብሎ ነው የጀመረው። ሳታነብ አትጻፍ አለው። ልጁ በ16 ዓመቱ ማይሬና ዴል አልኮር ላይ በተደረገ የዜማ ፌስቲቫል አንደኛ ወጣ። በ1968 ማድሪድ ገብቶ ቶሬስ ቤርሜሃስ በተባለው ታብላዎ ቋሚ ዘፋኝ ሆነ፤ እዚያ 12 ዓመት ሠራ። በየማታው መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ለዳንሰኛ ዘፍኖ፣ ለቱሪስት ዘፍኖ፣ ከዚያ ለራሱ ሰዎች እስኪነጋ መዝፈን ማለት ቀልድ አይደለም። ፓኮ የመጣው የተዘጋጀ ዘፋኝ ፈልጎ ነው፤ ከመንገድ ያነሳው ልጅ አይደለም። ይህን ሁሉ ልክ ብሏል። መጨረሻ ላይ ያከላት ስድብ ግን አታስፈልግም ነበር።

ቁጥር 10 ራሱ ጊታር የሚመታ ሰው ነው። ጉዳዩን ወደ ሙያው መለሰው። ፍላሜንኮ ውስጥ ማጀብ ማለት ምን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳ። ሶሌአ በሚባለው የዜማ ዓይነት ላይ አንድ ዙር 12 ምት አለው። ጠበቅ ብለው የሚመቱት 3ኛው፣ 6ኛው፣ 8ኛው፣ 10ኛውና 12ኛው ናቸው። ይህን ዙር ኮምፓስ ይሉታል። ሁሉም ሰው በሆዱ ይዞታል፤ አጨብጫቢው፣ ዳንሰኛው፣ ጊታሪስቱ። ዘፋኙ ግን በዙሩ ውስጥ እንደልቡ ይሄዳል። ቃሉን ያዘገያል፣ ይጎትተዋል፣ ከምቱ ኋላ ቀርቶ ልክ በ10 ላይ ይደርሳል። ጊታሪስቱ ይህን እየሰማ ይከተላል። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ነው የራሱን ቁራጭ ጨዋታ የሚያስገባው። ሴሂያ የምትባለዋን የጊታር አንገት መቆንጠጫ የት ላይ እንደሚያስር እንኳ የሚወስንለት የዘፋኙ ድምፅ ነው።

ሰውየው ቀጥሎ የካማሮን ልዩ ነገር ምን እንደሆነ ጻፈ። ድምፁ ትልቅ አይደለም። ሻካራ ነው፣ ከላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል፣ ግን ከቅኝቱ አይወጣም። ምቱን አይስትም። በጣም ፈጣን ቡሌሪያ ላይ እንኳ ቃሉን ከምቱ ኋላ አስቀርቶ ያለ ችኮላ ይደርሳል። ጊታሪስት ለሆነ ሰው እንዲህ ያለ ዘፋኝ ማጀብ ዕረፍትም ነው፣ ፈተናም ነው። ፓኮ በእነዚያ ዘጠኝ አልበሞች ላይ የተማረውን አትርሱ አለ። ለእኔ ክርክሩ እዚህ ላይ አልቋል። ከፋቹ የጠየቀው ፓኮ ለካማሮን ምን ሰጠው ብሎ ብቻ ነው። ሌላውን ወገን ለማየት አልሞከረም።

ቁጥር 11 ስለ ካሆን አነሳ። ተቀምጠውበት የሚመቱት የእንጨት ሳጥን የፍላሜንኮ ጥንታዊ መሣሪያ ነው አለ። ቁጥር 12 አስተካከለው። ካሆን የፔሩ ነው፤ የጥቁር ፔሩዎች መሣሪያ ነው። ፓኮ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሊማ ሄዶ አይቶ አመጣው። ዛሬ ያለ ካሆን የሚጫወት ቡድን ማግኘት ይከብዳል። ይህ ትንሽ ከርዕስ የወጣ ነው። ግን ፍላሜንኮ ጥንት የተዘጋ ሳጥን ነው ለሚሉት ሰዎች ጥሩ መልስ ሆኗል።

ከዚያ ወደ 1979 መጡ። መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ቁጥር 13 የዚያን ዓመት አልበም የካማሮን ውድቀት ብሎ ጠራው። ርዕሱ ላ ሌዬንዳ ዴል ቲየምፖ ነው። ድራም አለበት፣ ቤዝ ጊታር አለበት፣ ኪቦርድ አለበት፣ አንድ ዘፈን ላይ የሕንድ ሲታር ሁሉ አለ። ሰውየው እንደጻፈው ፍላሜንኮ የሚሰሙ ሂታኖዎች ገዝተው ወደ ሱቁ መልሰውታል፤ ይህ የኛ ካማሮን አይደለም እያሉ። ይህ የመመለሱ ታሪክ ስፔን ውስጥ ሁሉም የሚያወራው ነው። አልበሙም ያኔ ብዙ አልተሸጠም።

ቁጥር 14 መልሷ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ሥሩ መራራ ነው። ያኔ ያልተሸጠው አልበም ዛሬ ከስፔን ሙዚቃ ታላላቅ ሥራዎች ጋር ነው የሚቆጠረው አለች። ፕሮዲውሰሩ ሪካርዶ ፓቾን ነው። ግጥሞቹን ከሎርካ ወሰዱ፤ አንዱን ደግሞ ከፋርሱ ባለቅኔ ከኦማር ካያም። ከሴቪል የመጡ የሮክ ልጆች ነበሩበት፤ ኪኮ ቬኔኖና ራይሙንዶ አማዶር። ቶማቲቶ ገና ጢሙ ያልበቀለ ልጅ ነበር። ካማሮን ግን በዚያ ሁሉ መሣሪያ መሀል የሚዘፍነው ያንኑ ቡሌሪያ፣ ያንኑ ታንጎስ ነው። ድራሙን አውጥታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙት አለች፤ አያቱ የሚያውቁትን ነው የሚዘፍነው። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረች። ከፋቹ እንደሚለው ሰውየው የፓኮ ፈጠራ ቢሆን ኖሮ፣ ፓኮ በሌለበት እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት አመጣው?

ቁጥር 15 ገጠመኙን ጻፈ። ማድሪድ ውስጥ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ይሠራ ነበር። አብሮት የሚሠራ የሄሬስ ሰው ነበረ። ዕቃ እያጠበ በጣቱ አንጓ ብረቱን እየመታ ምቱን ይቆጥር ነበር። የ1979ኙ አልበም በሬዲዮ ሲመጣ ግን እጁን ጠርጎ ሬዲዮኑን ያጠፋል። ለምን ሲለው አይመልስም። አንድ ቀን ያው ሰውዬ ብቻውን ሆኖ ከዚያው አልበም አንዱን ሲያንጎራጉር ያዘው። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንት አኮረፈው። ክሩ ውስጥ ሁሉም የሳቀበት ይህ ብቻ ነው።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ቁጥር 16 ሂታኖ ያልሆነ ሰው እውነተኛውን ዜማ መዝፈን አይችልም፣ ደሙ ውስጥ የለም ብሎ ጻፈ። ቁጥር 17 በስም ዝርዝር መጣበት። ከ1869 እስከ 1929 የኖረው አንቶኒዮ ቻኮን ሂታኖ አልነበረም፤ ሂታኖዎች ራሳቸው ግን ዶን እያሉ ነበር የሚጠሩት። የግራናዳው ኤንሪኬ ሞሬንቴም አልነበረም። ፎስፎሪቶም አልነበረም፤ እሱ ደግሞ በ2005 የዜማው የወርቅ ቁልፍ የተባለውን የፍላሜንኮ ዘፋኞች ትልቅ ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ቁልፍ በታሪክ የተሰጠው ለአምስት ሰው ብቻ ነው። ካማሮን ራሱ በ2000 ከሞተ በኋላ ነው የተሰጠው። ሲጨርስም ፓኮ ዴ ሉሲያስ ማን ሆኖ ነው አለ። ፓኮ የአልሄሲራስ ፓዮ ነው፣ ማለትም ሂታኖ ያልሆነ።

ቁጥር 18 ሁለቱንም ሊያበርድ ሞከረ። የ16ኛው አባባል ስህተት ቢሆንም ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል አለ። በ1749 የስፔን ንጉሥ በመላ አገሪቱ ያሉ ሂታኖዎች በአንድ ጊዜ እንዲታፈሱ አዘዘ። ወንዱን ለብቻ ሴቱን ለብቻ አሠሩ፤ ወንዶቹን መርከብ ግንባታ ላይ አሠማሩ። ቋንቋቸውንና ልብሳቸውን የሚከለክል ሕግ ደግሞ ከዚያ በፊትም ነበር። ሁሉን የተነጠቀ ሕዝብ ይህን ዜማ እንኳ ተዉልኝ ቢል አይገርምም። ይህን የመሰለ መልስ ተጽፎ እያለ ቁጥር 19 የ17ኛውን እናት ሰደበ። አስተዳዳሪው አጠፋው። ቁጥሩ ብቻ ባዶውን ቀርቷል።

ቁጥር 20 ፍላሜንኮ ከኛ ነው የተወሰደው አለ። እዚህ ላይ ሻዬን አስቀመጥኩ። አንቺ ሆዬ ቅኝትን ከቡሌሪያ ጋር አስተያይታችሁ ስሙት፣ አንድ ነው ይላል። ማስረጃ የለውም፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ግን አለው።

ቁጥር 21 ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይመስላል። አንቺ ሆዬ አምስት ድምፅ ነው፣ የፍላሜንኮው ሚዛን ሰባት ነው ብሎ መለሰ። የሚመሳሰለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በሁለቱም ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ ያለው ድምፅ ግማሽ እርምጃ ብቻ ይርቃል። ያች ጠባብ እርምጃ ናት ጆሮን የምትነካው። ግን ይህች እርምጃ በዓረቡም በቱርኩም ዜማ አለች። ዘመድ አያደርግም። ቁጥር 22 ግን ቢያንስ አክስት ያደርገናል ብሎ ሳቀ። ከዚህ በኋላ ስድስት ሰው በአክስት ነገር ቀለደ፤ አስተዳዳሪው ሁሉንም ወደ ሌላ ክር ወሰዳቸው።

ቁጥር 23 የተቆጣች ሴት ናት፣ እውነቷንም ነው። ይህን ሁሉ ስትጽፉ አንድ ሴት አልጠራችሁም አለች። ካማሮን በልጅነቱ የጠጣው የካዲስ ዜማ ውስጥ ላ ፔርላ ዴ ካዲስ አለችበት። የቡሌሪያ ጨዋታዋን ሰምቶ ካማሮንን የሚሰማ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ከ1890 እስከ 1969 የኖረችው የሴቪሏ ፓስቶራ ፓቮን፣ ላ ኒኛ ዴ ሎስ ፔይኔስ የምትባለው፣ የማትዘፍነው የዜማ ዓይነት አልነበረም። ፈርናንዳ ዴ ኡትሬራ ሶሌአ ስትዘፍን ደግሞ ጊታሪስቱን የሚያስታውስ የለም። ከፋቹን በቀጥታ ነው የጠየቀችው። ለነሱስ ፓኮ ማን ነበር? በክሩ ብዙ ላይክ ያገኘው ይህ መልስ ነው።

እነሆ ቁጥር 24። አንዱ መጥቶ ሁላችሁም ተሳስታችኋል፣ ካማሮን የሞተው በ1984 ነው አለ። ስለዚህ ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር በ1989 ወጣ የምትሉት አልበም ውሸት ነው፣ ከሞተ በኋላ ሰው ድምፁን አስመስሎ ሠርቷል ብሎ ደመደመ። አሥር መስመር ጻፈ። ሴራው የማን እንደሆነም ፍንጭ ሰጠ። ቁጥር 25 በእርጋታ መለሰ። ካማሮን የሞተው ጁላይ 2 ቀን 1992 ነው። በኛ ሰኔ 25 ቀን 1984 ዓ.ም. ይሆናል። ወንድሜ ያነበብከው በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ አልበሙን የቆጠርከው በፈረንጅ ነው። 24ኛው ከዚያ በኋላ አልተሰማም።

አሟሟቱን በደንብ የጻፈው ቁጥር 26 ነው። ካማሮን ሲጋራ ከእጁ አይለይም ነበር። ለብዙ ዓመት የሄሮይን ሱስም ነበረበት፤ ይህ በአደባባይ የሚታወቅ ነው። የመጨረሻ ኮንሰርቱን ጃንዋሪ 25 ቀን 1992 ማድሪድ ውስጥ ሳን ሁዋን ኤቫንሄሊስታ በተባለ የተማሪዎች ማደሪያ አዳራሽ አደረገ። የሳንባ ካንሰር ነበረበት። አሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ድረስ ወሰዱት፣ አልሆነም። ባርሴሎና አጠገብ ባዳሎና ሆስፒታል ውስጥ በ41 ዓመቱ አረፈ። የባርሴሎና ኦሎምፒክ ሊከፈት ሦስት ሳምንት ገደማ ቀርቶት ነበር። አስከሬኑ ወደ ሳን ፈርናንዶ ተወስዶ ሲቀበር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወጣ። በ1976 ያገባት ዶሎሬስ ሞንቶያ፣ በቅጽል ስሟ ላ ቺስፓ፣ ከአራት ልጆች ጋር ቀረች።

ከሞት ወደ ገንዘብ ለመድረስ አንድ መልስ ብቻ ነው የፈጀው። ቁጥር 27 ፓኮ የዘፈኖቹን ድርሻ በላ ብሎ በጭካኔ ጻፈ። ቁጥር 28 አረጋጋው። የሆነው እንዲህ ነው አለ። ካማሮን ሲሞት ከዘፈኖቹ ብዙዎቹ በደራሲነት የተመዘገቡት በሌሎች ሰዎች ስም ነበር፤ የፓኮም ስም አለበት። ካማሮን የሚከፈለው በአብዛኛው በዘፋኝነቱ ነበር። ቤተሰቡ ይህ ፍትሕ አይደለም አለ፣ ጋዜጦች አራገቡት። ፓኮ ክሱ ክፉኛ አቆሰለው፤ ጊታሩንም ለጊዜው አስቀመጠ። ችግሩ የሁለት ሰዎች ብቻ አይደለም። ከአባት ከእናት በቃል የተወረሰ ግጥምና ዜማ ስቱዲዮ ሲገባ ወረቀቱ ላይ የማን ስም ይጻፋል? የኮምፓስ ዕውቀት፣ ቃሉን የማዘግየት ጥበብ፣ የድምፁ ስንጥቅ በየትኛው መዝገብ ይገባል?

28ኛው ሌላም ነገር ጨመረ። ፓኮ ራሱ ዘፋኝ መሆን ይመኝ እንደነበር በተለያየ ጊዜ ተናግሯል። በ1998 ሉሲያ የተባለውን አልበም ለእናቱና ለካማሮን መታሰቢያ አወጣ። አልበሙ ላይ ጊታሩን እየመታ ራሱ ዘፈነ። ድምፁ የዘፋኝ ድምፅ አይደለም፣ ያውቀዋልም። የአገሩ ምርጥ ጊታሪስት ለጓደኛው ጊታር ብቻ መምታት አልበቃው ብሎ ነው አፉን የከፈተው። እኔ ይህን አልበም ከዚህ በፊት ለጊታሩ ብዬ ነበር የምሰማው።

ከፋቹ በቁጥር 29 መጣ። መሬቱን ቀየረ እንጂ እጁን አልሰጠም። እኔ ያልኩት ከስፔን ውጭ ስላለው ዝና ነው አለ። ዓለም ካማሮንን ያገኘው በፓኮ በኩል ነው። ይህንን ማንም አላስተባበለም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ላይ እውነት ነው። ግን መጀመሪያ የጻፈው ይህ አልነበረም። የ1989ኙ የኦርኬስትራ አልበም የካማሮን ዋና ሽያጭ ከሆኑት አንዱ እንደሆነ አንድ ሰው ሲያነሳ ደግሞ፣ መሸጥ ማስረጃ አይሆንም ብሎ ተከራከረ። ቁጥር 8 ላይ ማርቲኔቴን የናቀው በዓለም አይታወቅም ብሎ ነበር እኮ።

ቁጥር 30 አዲስ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ከየት ልጀምር አለ። ሴትዮዋ ቁጥር 3 መለሰችለት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከፓኮ ጋር ከሠራቸው ጀምር አለች። በ1972 ሁለቱ ካናስቴራ የሚባል አዲስ የዜማ ዓይነት ፈጠሩ፣ ስሙ የእናቱ ቤተሰብ ሙያ ነው። ከዚያ 1979ን ስማ። ከዚያ የሚመጣውን ራስህ ታውቀዋለህ። ጊታሪስቱ ቁጥር 10 ግን አልተስማማም። በ1987 ፓሪስ ላይ ከቶማቲቶ ጋር በመድረክ የተቀዳውን አስቀድም አለ፤ የወጣው በ1999 ነው። ስቱዲዮ የለም፣ ሕብረ ዝማሬ የለም፣ ኦርኬስትራ የለም። አንድ ጊታር፣ ጭብጨባና እሱ። ለከፋቹ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው እዚያ ያገኘዋል ብሏል። እኔም ከሱ ጋር ነኝ።

ቁጥር 31 ሳን ፈርናንዶ ውስጥ በ2021 የተከፈተውን የካማሮን ሙዚየም ለማየት ከካዲስ በባቡር መሄድ ይሻል ወይስ በአውቶቡስ ብሎ ጠየቀ። በባቡር አሉት። ከዚያ ወርደህ ቬንታ ዴ ቫርጋስ ግባ፣ በሽምብራ ዱቄት የሚጠበሰውን የሽሪምፕ ቂጣ ሳትበላ እንዳትመለስ አሉት። ሽምብራ ብቻ አይደለም የስንዴም አለበት ያለ መጣ። ሽሪምፕ በጾም ይበላል አይበላም ያለም መጣ። አሁን ክሩ ከሃምሳ መልስ አልፏል፤ ሁሉም ስለ ፍልሰታ ነው የሚያወራው።